ሚኮ ራንታነን፦ በ42 ቀን ሦስት ክለብ፣ ከዚያም የ96 ሚሊዮን ዶላር ውል

ፊንላንዳዊው የበረዶ ሆኪ አጥቂ ሚኮ ራንታነን እስከ ጃንዋሪ 24፣ 2025 ድረስ የኮሎራዶ አቫላንች ተጫዋች ነበር። በዚያ ምሽት ለካሮላይና ሀሪኬንስ ተሰጠ። ከ42 ቀን በኋላ፣ ማርች 7፣ ዳላስ ስታርስ ወሰደውና በዚያው ዕለት የ8 ዓመት፣ የ96 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። የውድድር ዘመኑን በሦስት ማሊያ 82 ጨዋታ ተጫውቶ በ88 ነጥብ ጨረሰ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በተከታታይ ከ100 ነጥብ በላይ አምጥቷል፤ ዋንጫም አንስቷል፤ ዕድሜው ገና 28 ነበር። እንዲህ ያለ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ከእጅ እጅ ሲዞር በዚህ ሊግ እምብዛም አይታይም።

ምክንያቱ ሜዳ ላይ አልነበረም። ኮሎራዶን ለቆ ሲሄድ በ49 ጨዋታ 64 ነጥብ ነበረው። ጉዳዩ ያለው በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የደመወዝ ሕግና ውል በሚያልቅበት ቀን ላይ ነው። ኮሎራዶም ካሮላይናም የተሳሳቱት በተጫዋቹ ችሎታ ግምት አይደለም፤ በጊዜ ስሌት ነው። ዳላስ ያሸነፈውም በጊዜ ስሌት ነው፤ የድሉን ሒሳብ ግን አሁንም እየከፈለ ነው።

እግር ኳስን ለሚከታተል አንባቢ አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። በእግር ኳስ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል። በኤንኤችኤል የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ተጫዋች የሚገኘው ሌላ ተጫዋች ወይም የወደፊት የድራፍት ዕጣ በመስጠት ነው። ድራፍት ማለት በየዓመቱ ክለቦች ተራ ይዘው 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ተራው ራሱ እንደ ንብረት ይለወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ በ2024-25 ለአንድ ክለብ 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ቅጣት ከፍሎ ጣሪያውን ማለፍ አይችልም። ለአንድ ኮከብ የሚጨመር እያንዳንዱ ዶላር ከሌላ ተጫዋች ላይ የሚነሳ ነው።

በዴንቨርና በኦሮራ፣ በዳላስና በጋርላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ስም በየአካባቢያቸው ቴሌቪዥን ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ሰውየው ከአንዱ ከተማቸው ተነሥቶ በካሮላይና በኩል ወደ ሌላው የሄደ ነውና።

ዘጠኝ ጨዋታና አንድ ዓመት

ራንታነን ኦክቶበር 29፣ 1996 የተወለደው ከቱርኩ ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው ኖውሲያይነን በተባለች ትንሽ ወረዳ ነው። ያደገበት ክለብ የቱርኩው ቴፔኤስ ሲሆን፣ ለዓመታት የሞንትሪያል አምበል የነበረው ሳኩ ኮይቩም የወጣው ከዚያው ነው። ራንታነን በፊንላንድ ከፍተኛ ሊግ የተሰለፈው በ16 ዓመቱ፣ በ2012-13 ነበር። በ2014-15 በ56 ጨዋታ 28 ነጥብ አመጣ። በበረዶ ሆኪ ጎል ያገባ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ለጎሉ ያቀበሉት እስከ ሁለት ሰዎችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይቆጠርላቸዋል። ከአዋቂዎች ጋር ለሚጫወት የ18 ዓመት ልጅ 28 ነጥብ ትልቅ ነገር ነው። በ2015 ድራፍት ኮሎራዶ በ10ኛ ተራ መረጠው።

ቀጥሎ የተደረገውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ የኋላውን ነገር ሁሉ የወሰነው ግን እሱ ነው። የጀማሪ ውል ለወጣቶች ሦስት ዓመት ነው። ተጫዋቹ 18 ወይም 19 ዓመቱ ከሆነና በዚያ ዓመት በኤንኤችኤል ከ10 ጨዋታ በታች ከተጫወተ፣ ዓመቱ አይቆጠርም፤ ውሉ ወደ ፊት ይገፋል። ኮሎራዶ ራንታነንን በ2015-16 ያጫወተው 9 ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ሳን አንቶኒዮ ራምፔጅ ልኮት በ52 ጨዋታ 60 ነጥብ አመጣ። በመካከሉ፣ ጃንዋሪ 2016፣ ሄልሲንኪ ላይ ከ20 ዓመት በታች የፊንላንድ ቡድን አምበል ሆኖ ሩሲያን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ረትተው የዓለም ዋንጫ ወስደዋል።

ከዓመቱ መገፋት ክለቡ ያተረፈው ግልጽ ነው፦ ልጁ በርካሽ የሚጫወትበት ጊዜ ከ2015–2018 ወደ 2016–2019 ተሸጋገረ። የዚያው ነገር ሌላ ጎንም አለው። ውሉ በ2018 ቢያልቅ ኖሮ ራንታነን ለድርድር የሚቀርበው አንድ የ84 ነጥብ ዓመት ብቻ ይዞ ነበር። በ2019 ሲያልቅ የ84 እና የ87 ነጥብ ዓመታትን ደራርቦ ቀረበ። ክለብ በጀማሪ ውል ያተረፈውን በሁለተኛው ውል መልሶ የሚከፍለው እንዲህ ሆኖ ነው።

ስለ አጨዋወቱም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ራንታነን ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ የቀኝ ክንፍ አጥቂ ሲሆን፣ ዱላውን የሚይዘው ግን እንደ ግራ መቺ ነው። በቀኝ መስመር ሲቆም የዱላው ምላስ ወደ ሜዳው መሀል ይዞራል። ከግራ ተሻግሮ የመጣለትን ፓክ (በኳስ ፋንታ የሚጫወቱበትን ክብ ላስቲክ) ሳያቆም፣ እንደ መጣ ወደ ጎል መምታት ይችላል። ተጋጣሚ አንድ ሰው በቅጣት ጎድሎበት አምስት ለአራት በሚጫወቱበት ሰዓት ይህ አቋቋም መሣሪያ ነው፤ ግብ ጠባቂው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ሳይጨርስ ፓኩ ደርሷል። ዋጋም አለው። በራሱ ሜዳ ከቀኙ ግድግዳ ሥር ፓክ ሲቀበል በዱላው ጀርባ መጫወት ይገደዳል፤ ተጋጣሚ በፍጥነት ሲጫነው ፓክ የሚያጣው በብዛት እዚያ ነው። ከቆመበት ሲነሣም ፈጣን ከሚባሉት ወገን አይደለም። ይህን የሚያካክሰው በክንዱ ርዝመትና በጉልበቱ ነው፦ ፓኩን ከሰውነቱ አርቆ ይይዝና ተከላካዩን በጀርባው ይከላከላል፤ ከጎል ጀርባም ብዙ ይሠራል።

ኮሎራዶ በ2016-17 በ82 ጨዋታ 48 የደረጃ ነጥብ ብቻ ሰብስቦ የሊጉ መጨረሻ ነበር። የዚያ ዓመት ከፍተኛ ጎል አግቢው ጀማሪው ራንታነን ነው፤ 20 ጎል። በቀጣዩ ዓመት ከመሀል አጥቂው ናታን ማኪነንና ከስዊድናዊው አምበል ጋብርኤል ላንደስኮግ ጋር በአንድ መስመር፣ ማለትም አብረው በሚገቡ ሦስት አጥቂዎች ጓድ፣ ተሰለፈ። የኮሎራዶ ትንሣኤ የጀመረው ከዚያ መስመር ነው።

9.25 ሚሊዮን ዶላር ሲወደድም ሲረክስም

የጀማሪ ውሉን የጨረሰ ወጣት ነፃነቱ የተገደበ ነው። ክለቡ የሕጉን ዝቅተኛ ጥያቄ ካቀረበለት መብቱን ይዞ ይቆያል፤ ተጫዋቹ ያለው ጉልበት አለመፈረምና ልምምድ አለመግባት ነው። ራንታነን በ2019 ያደረገው ይህንኑ ነው። የቅድመ ውድድር ዝግጅቱ አልፎት ሴፕቴምበር 28 ቀን የ6 ዓመት፣ የ55.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በዓመት 9.25 ሚሊዮን።

የሆኪ ውል የሚመዘነው በዶላሩ ብዛት ሳይሆን ከጣሪያው በሚወስደው ድርሻ ነው። በ2019-20 ጣሪያው 81.5 ሚሊዮን ነበር፤ የራንታነን ድርሻ 11.3 በመቶ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ አዳራሾች ባዶ ሆኑ፤ የሊጉ ገቢ ስለወደቀ ጣሪያው ለሦስት የውድድር ዘመን በዚያው 81.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ከዚያም ወደ 82.5፣ ወደ 83.5፣ ወደ 88 ሄደ። በየዓመቱ ያድጋል ተብሎ የተገዛው ውል ለረዥም ጊዜ ሳይረክስ ቀረ ማለት ነው። ያም ሆኖ ክለቡ አልከሰረም። ራንታነን በ2022 ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ዙር፣ በ20 ጨዋታ 25 ነጥብ አምጥቶ ኮሎራዶ ታምፓ ቤይን ረትቶ የሊጉን ሻምፒዮንነት ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሣ። በ2022-23 ደግሞ 55 ጎል አገባ፤ ክለቡ ወደ ዴንቨር ከመጣ ወዲህ በአንድ ዘመን የተመዘገበ ትልቁ ቁጥር ነው፤ የቀድሞው አምበል ጆ ሳኪክ በ2000-01 ያገባውን 54 አለፈ። ከፊንላንዳውያን በአንድ የውድድር ዘመን 50 ጎል የደረሱት ያሪ ኩሪና ቴሙ ሴላነ ነበሩ፤ ራንታነን ሦስተኛው ሆነ።

ውሉ ሊያልቅ የነበረው በ2025 በጋ ነው። በዚያ ዕድሜው ሙሉ ነፃ ተጫዋች ይሆናል፤ ጁላይ 1 ቀን ከ32ቱ ክለቦች ከፈለገው ጋር መፈረም ይችላል፤ ኮሎራዶም አንዲት የድራፍት ዕጣ እንኳ ካሳ አያገኝም።

ኮሎራዶ በጃንዋሪ 2025 ሦስት መንገድ ነበረው። የመጀመሪያው የተጠየቀውን ከፍሎ ማስፈረም። ሁለተኛው እስከ ፕሌይኦፍ ይዞ መቆየትና በበጋው በባዶ እጅ መቅረት። ሦስተኛው አሁኑኑ መለወጥ። አንደኛውን የከበደው ማኪነን በዓመት 12.6 ሚሊዮን መያዙ ነው። የቡድኑ ራስ ማኪነን ነው፤ ከእሱ በላይ ወይም እኩል ለሌላ መክፈል የክለቡን የደመወዝ መሰላል ያፈርሳል የሚል ሥጋት ነበር። ተከላካዩ ኬል ማካር 9 ሚሊዮን ነው፤ እሱም ውሉ በ2027 ሲያልቅ እጅግ ይወደዳል። ላንደስኮግ ከ2022 ዋንጫ ወዲህ በጉልበቱ ጉዳት አልተጫወተም ነበር፤ ቢመለስ ግን 7 ሚሊዮኑ ጣሪያው ውስጥ ይገባ ነበር። እነዚህ ሦስቱ 28.6 ሚሊዮን ናቸው። ራንታነን በ12 ሚሊዮን ቢጨመር 40.6 ይሆናል።

ያንን ቁጥር ከ88 ሚሊዮን ጋር ያስተያየ ሰው ይደነግጣል፤ ለአራት ሰው 46 በመቶ ነው። ችግሩ አዲሱ ውል የሚጀምረው በ88 ሚሊዮኑ ዘመን አለመሆኑ ነው። ጃንዋሪ 31፣ ማለትም ዝውውሩ ከተፈጸመ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር የቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት ጣሪያ ይፋ አደረጉ፦ 95.5 ሚሊዮን፣ 104 ሚሊዮን፣ 113.5 ሚሊዮን። ክለቦች ጣሪያው እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። ይህን ያህል እንደሚወጣ ግን ብዙዎቹ በሥራቸው አላሳዩም። የራንታነን 12 ሚሊዮን በ2025-26 ከጣሪያው 12.6 በመቶ ነው፤ በ2026-27 ወደ 11.5፣ በ2027-28 ወደ 10.6 ይወርዳል። በ2019 የፈረመው ውል ሲጀምር ከነበረው 11.3 በመቶ ያነሰ ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት ኮከቡ ከወጣትነቱ ውል በታች ይረክሳል።

ለዚህ ማረጋገጫው ከኮሎራዶ ከራሱ መጣ። በራንታነን ፋንታ የተቀበለውን ማርቲን ኔቻስን ኦክቶበር 2025 ለ8 ዓመት፣ በዓመት 11.5 ሚሊዮን አስፈረመው። ኔቻስ ፈጣንና ድንቅ ተጫዋች ነው፤ 100 ነጥብ አምጥቶ ግን አያውቅም ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ ያው ክለብ ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ዝቅ ያለ ዋጋ ከፈለ። በሌላ በኩል ለኮሎራዶ መመስከር ያለበትም አለ፦ በተለቀቀው ቦታ ብሮክ ኔልሰንንና ቻርሊ ኮይልን አምጥቷል፤ በ2025-26 የመጀመሪያ ወራትም የሊጉን ሰንጠረዥ ይመራ ነበር። አንድ ኮከብ መልቀቅ ቡድን ያፈርሳል ማለት አይደለም። የማይታረቀው ራንታነንን «አይመጥንም» ያሰኘው ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው ክለብ ለምን ገባ?

የጃንዋሪው ልውውጥ ሦስት ክለቦች ያሉበት ነበር። ካሮላይና ራንታነንን ከኮሎራዶ፣ ቴይለር ሆልን ከቺካጎ ወሰደ። ኮሎራዶ ኔቻስን፣ ጃክ ድሩሪን፣ የ2025 ሁለተኛ ዙርና የ2026 አራተኛ ዙር ዕጣ አገኘ። ቺካጎ ቀድሞ የራሱ የነበረውን የ2025 ሦስተኛ ዙር ዕጣ መልሶ አገኘ። ለዚያ ዕጣ የከፈለው ከሆል በተጨማሪ የራንታነንን ደመወዝ ግማሽ ተሸክሞ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ክለብ ተጫዋች ሲለቅ እስከ 50 በመቶ ደመወዙን በራሱ ጣሪያ ላይ ማስቀረት ይችላል። አንድ ውል በዚህ መንገድ ሊከፈል የሚችለው ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ክለብም በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ እንዲህ ያለ ውል መሸከም አይፈቀድለትም። ቺካጎ ከሊጉ ግርጌ ቡድኖች አንዱ ስለነበረ ባዶ ቦታ ሞልቶታል። ራንታነን በወረቀት በቺካጎ በኩል ሲያልፍ 9.25 ሚሊዮኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ካሮላይና የደረሰው 4.625 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ይህ ቅናሽ ከተጫዋቹ ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ከ42 ቀን በኋላ ዳላስ ሲወስደውም ዋጋው ያው 4.625 ነበር። ዳላስን የጋበዘው የቺካጎ ቅናሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ራንታነን ከኮሎራዶ መለወጡ እንዳስደነገጠው በይፋ ተናግሯል። ካሮላይና ሲደርስ ፊንላንዳዊው ሰባስቲያን አሆ ነበረለት፤ ይህ ግን በቂ አልነበረም። በ13 ጨዋታ 2 ጎልና 4 አሲስት (ለጎል ማቀበል) ብቻ አስመዘገበ። አጨዋወቱም አልገጠመም፦ ካሮላይና ፓኩን ወደ ተጋጣሚ ጥግ ወርውሮ ተሯሩጦ የሚያሳድድ፣ ከየትም ቦታ ብዙ የሚመታ ቡድን ነው፤ ራንታነን ፓኩን በዱላው ይዞ ሰው የሚጠብቅ ነው። ከሁሉ የከፋው ካሮላይና ውል ሳይስማማ መግዛቱ ነበር። በወቅቱ የሊጉ ሕግ ተጫዋችን በዝውውር መስኮት መዝጊያ ቀን በእጁ የያዘ ክለብ ብቻ እስከ 8 ዓመት ሊያስፈርመው ይችል ነበር፤ በነፃ ገበያ ሌላው ክለብ የሚችለው 7 ዓመት ነበር። ካሮላይና ይህን ተጨማሪ ዓመት ለመሳቢያ ይጠቅመኛል ብሎ ነበር። ተጫዋቹ ከተማውን ካልፈለገ ግን ስምንተኛው ዓመት ዋጋ የለውም።

ካሮላይና ስህተቱን በፍጥነት አየ፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባል። ማርች 7፣ በመዝጊያው ቀን፣ ከዳላስ ወጣቱን አጥቂ ሎጋን ስታንኮቨንን፣ የ2026ና የ2028 አንደኛ ዙር፣ የ2026ና የ2027 ሦስተኛ ዙር ዕጣዎች ተቀበለ። ስታንኮቨን በኋላ ለ8 ዓመት፣ በዓመት 6 ሚሊዮን ፈርሟል። ለስድስት ሳምንት ብቻ የያዙትን ተጫዋች በዚህ ዋጋ መመለስ ኪሳራ አይባልም።

የዳላሱ ጄኔራል ማናጀር ጂም ኒል የሠራው ልዩነት አንድ ነው፦ ዕጣዎቹን የሰጠው ውሉ በዚያው ዕለት እንዲፈረም ተስማምቶ ነው። ቦታ ያገኘው ደግሞ ታይለር ሴጊን በዳሌ ቀዶ ሕክምና፣ ሚሮ ሃይስካነን በጉልበት ጉዳት ለረዥም ጊዜ ከሜዳ በመራቃቸው ነው። በረዥም ጉዳት መዝገብ የገባ ተጫዋች ደመወዝ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሌላ ሰው ሊተካ ይችላል። ዳላስ ደግሞ በዚያ ሰዓት የፊንላንዳውያን ቤት ነበር፦ ሃይስካነን፣ ሮፔ ሂንትዝ፣ ኤሳ ሊንደልና ሚካኤል ግራንሉንድ። ሂንትዝ የተመረጠውም በዚያው በ2015 ድራፍት ነው።

ቴክሳስ የክልል የገቢ ግብር የላትም ስለሚባለው ነገርም መነገር አለበት፤ ክርክሩ በዚህ ላይ ከሚገባው በላይ ሄዷልና። ኮሎራዶና ሰሜን ካሮላይና በ2025 የሚቆርጡት ከ4 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ከ12 ሚሊዮን ላይ ይህ በግርድፉ ግማሽ ሚሊዮን ይሆናል። ሙሉውንም ተጫዋቹ አያተርፈውም፤ ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ግብር ያላቸው ክልሎች በዚያ ለሠራባቸው ቀናት የድርሻቸውን ይቆርጡበታል። ከካሊፎርኒያ ወይም ከኒው ዮርክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ከኮሎራዶ ጋር ሲነጻጸር ግን ውሳኔ የሚያስቀይር አይደለም። ራንታነንን ወደ ዳላስ የወሰደው ግብር ነው የሚለው ክርክር ሒሳቡን አላየም።

ሜይ 3፣ 2025

ዳላስ በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር የደረሰው ኮሎራዶ ነበር። ተከታታዩ ከሰባት ጨዋታ አራት ለቀደመ ነው። ራንታነን በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አንድ አሲስት ብቻ ነበረው፤ በዚህ ጊዜ ኮሎራዶ ትክክል ሠራ የሚሉ ድምፆች ይሰሙ ነበር። ላንደስኮግም ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ተከታታይ ወደ ሜዳ ተመለሰ። በአምስተኛው ጨዋታ ራንታነን 3 ነጥብ፣ በስድስተኛው 4 ነጥብ አመጣ።

ሰባተኛው ዳላስ ላይ ነበር። ዳላስ ያለ ሃይስካነንና ያለ ጎል አግቢው ጄሰን ሮበርትሰን ገባ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በተጀመረ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማኪነን አገባና 2 ለ 0 ሆነ። 12 ደቂቃ ገደማ ሲቀር ራንታነን አንዱን መለሰ። 6 ደቂቃ ገደማ ሲቀር ፓኩን ይዞ ከጎሉ ጀርባ ዞረና በሌላኛው ቋሚ በኩል ሊያስገባ ሲሞክር፣ ፓኩ የኮሎራዶን ተከላካይ ጫማ ነክቶ ገባ፤ 2 ለ 2። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለዋያት ጆንስተን ሦስተኛው ጎል አሲስት አደረገ። ኮሎራዶ ግብ ጠባቂውን አውጥቶ በስድስት አጥቂ ሲጫወት ባዶው ጎል ውስጥ አራተኛውን ራሱ አስገባ። በሰባተኛ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሃትሪክ የሠራ ተጫዋች በሊጉ ታሪክ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ሁለተኛው ጎል በዕድል የገባ ይመስላል። ተከላካዩ ግን እግሩን እዚያ ያኖረው ራንታነን በረዥም ክንዱ ፓኩን ማንም የማይደርስበት ቦታ ይዞ ስለዞረ ነው፤ በቡድን ስም ዝርዝር ላይ የተጻፈው 193 ሴንቲ ሜትር ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ዊኒፔግ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጎል ደገመ፤ ዳላስ 3 ለ 2 አሸነፈ። ፕሌይኦፉን በ18 ጨዋታ 22 ነጥብ ይዞ ጨረሰ። ዳላስ ግን በምዕራቡ ፍጻሜ በኤድመንተን በአምስት ጨዋታ ተረታ፤ አሠልጣኙ ፒት ዴቦርም ተሰናበተ፤ ግለን ጉሉትዛን ተተካ።

ሒሳቡ ሲመጣ

የቺካጎ ቅናሽ ያበቃው ከአሮጌው ውል ጋር ነው። ከ2025-26 ጀምሮ ራንታነን በዳላስ መዝገብ ላይ ሙሉ 12 ሚሊዮን ነው። ከሴጊን 9.85፣ ከሂንትዝና ከሃይስካነን 8.45 8.45፣ ከጆንስተን 8.4፣ ከግብ ጠባቂው ጄክ ኦቲንገር 8.25 እና ከሮበርትሰን 7.75 ጋር ሲደመር በ2025-26 ሰባት ሰው 63.15 ሚሊዮን ይወስዳል፤ ከ95.5 ሚሊዮን ጣሪያ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ቡድኑ 23 ሰው ከያዘ ለቀሩት 16 የሚደርሰው በአማካይ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ቁጥር አይደለም። ሜሰን ማርችመንት በጁን 2025 ወደ ሲያትል ተለወጠ፤ ማት ዱምባ ደመወዙን የሚሸከም ክለብ ለማግኘት ሲባል ከድራፍት ዕጣ ጋር ወደ ፒትስበርግ ተላከ። በዚያ ፕሌይኦፍ ሃትሪክ የሠራው ግራንሉንድም በነፃ ወደ አናሃይም ሄደ። የሦስተኛና የአራተኛ መስመር ጥራት የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው። ተከላካዩ ቶማስ ሃርሊ ከ2026-27 ጀምሮ ከ10.5 ሚሊዮን በላይ ይወስዳል። የሮበርትሰን ውል ደግሞ በ2026 በጋ ያልቃል። ሮበርትሰን በሁለት የተለያዩ ዓመታት ከ40 ጎል በላይ ያገባ ሰው ነው፤ በ7.75 ሚሊዮን የሚቀጥልበት ምክንያት የለም። ጣሪያው በ8.5 ሚሊዮን ቢወጣም ያ ጭማሪ ለሃርሊና ለሮበርትሰን ብቻ ሊያልቅ ይችላል። በእኔ አስተያየት በዳላስ ውስጥ ከራንታነን ውል የበለጠ አሳሳቢው የሴጊን ነው፤ እሱ በ2027 ሲያበቃ ቡድኑ ይተነፍሳል። እስከዚያ ያሉት ሁለት ዓመታት ጠባብ ናቸው።

የራንታነን ዋጋ ራሱ ግን በየወሩ እየቀለለ ነው። ሊዮን ድራይሳይትል ከ2025-26 ጀምሮ 14 ሚሊዮን ያገኛል። ኪሪል ካፕሪዞቭ ከሚኒሶታ ጋር በሴፕቴምበር 2025 የፈረመው በዓመት 17 ሚሊዮን ነው፤ ከ104 ሚሊዮን ጣሪያ 16.3 በመቶ። አደጋው ያለው በውሉ ጅራት ነው። ውሉ በ2033 ሲያልቅ ራንታነን 36 ዓመት ይሞላዋል። በፍጥነት የሚጫወቱ ክንፎች ከ32 በኋላ ቶሎ ይወርዳሉ፤ በክንዱ ርዝመት፣ በጉልበቱና በአንድ ጊዜ ምቱ የሚኖር አጥቂ የሰው ብልጫ ባለበት ሰዓት ረዘም ላለ ጊዜ ይጠቅማል። የመጀመሪያ እርምጃው ከአሁኑ ይበልጥ ከዘገየ ግን አምስት ለአምስት በሚጫወቱበት ሰዓት ከጎኑ ፈጣን መሀል አጥቂ ያስፈልገዋል፤ ሂንትዝ ያን የሚሞላ ነው፤ የሂንትዝ ውልም እስከ 2031 ነው።

ሕጉም ተለውጧል። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በ2025 በጋ በተስማሙበት አዲስ ስምምነት መሠረት፣ ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ክለብ የራሱን ተጫዋች ማስፈረም የሚችለው እስከ 7 ዓመት፣ ነፃ ተጫዋችን እስከ 6 ዓመት ነው። የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ በሁለት ክለቦች እንዳይከፋፈልም በመካከል 75 የውድድር ቀናት ማለፍ አለባቸው። በረዥም ጉዳት መዝገብ የተገኘን ቦታ ይዞ ወደ ፕሌይኦፍ መግባትም ቀርቷል፤ ከ2025-26 ጀምሮ በፕሌይኦፍ የሚሰለፉት ተጫዋቾች ደመወዝ ከጣሪያው በታች መሆን አለበት። በማርች 2025 ዳላስ ራንታነንን ያመጣው ሴጊንና ሃይስካነን በሌሉበት ቦታ ነበር፤ ሁለቱም ፕሌይኦፉ ሳያልቅ ተመልሰው ከእሱ ጋር ተጫውተዋል። አሁን ያንን ሊያደርግ የሚፈልግ ክለብ ሦስቱን በአንድ ምሽት አሰልፎ ከጣሪያው በታች መቆየት ይጠበቅበታል።